«ሬድ ሃንድድ» በአማርኛ ቀይ እጅ አይደለም

ሰሞኑን «ሌባው በቀይ እጁ ተያዘ» የሚል ትርጉም አነበብኩና ከነከነኝ። እንግሊዝኛው «ኮት ሬድ ሃንድድ» ነው፤ ጥፋቱን እየሠራ ሳለ ተያዘ ለማለት። ተርጓሚው ቃል በቃል ገልብጦታል። አማርኛ አንባቢ ግን «ቀይ እጅ» ሲባል የሰውየው የቆዳ መልክ ነው የሚመጣበት።

ቀይ የተባለው ደም ነው። አነጋገሩ የመጣው ከድሮ የስኮትላንድ ሕግ ነው፤ ደሙ ገና ከእጁ ሳይለቅ የተያዘ ሰው ለማለት። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ዋልተር ስኮትም እ.ኤ.አ. በ1819 በወጣው «አይቫንሆ» በተባለው ልቦለዱ ላይ ተጠቅሞበታል። ዛሬ ደሙ ተረስቷል። ለሌባም፣ ለጉቦኛም፣ ፈተና ላይ ለሚኮርጅም ይባላል። ደሙን እንተርጉም ብለን «እጁ በደም የተነከረ» ካልን ደግሞ ሰውየውን ነፍሰ ገዳይ አደረግነው።

እኛ «እጅ ከፍንጅ» አለን፤ ልክክ ይላል። ተራ የሰፈር አነጋገር ብቻም አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 19 ስለ እጅ ከፍንጅ ወንጀል ነው የሚናገረው፦ ሲፈጽም፣ ሊፈጽም ሲሞክር ወይም እንደፈጸመ ወዲያው ስለተገኘ ሰው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባል ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። በፖሊስ ዜና ላይማ «ጉቦ ሲቀበል ከነኤግዚቢቱ እጅ ከፍንጅ ተያዘ» ሁሌ የምንሰማው ነው።

ለቀላል ጥፋትም ይሆናል። የእህቴ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጓዳ ስገባ የዱቄት ወተቱን ቆርቆሮ አቅፋ ቁጭ ብላለች። ማንኪያው አፏ ውስጥ ነው፤ ከንፈሯም አፍንጫዋም ነጭ በነጭ። «አልበላሁም» አለችኝ። እጅ ከፍንጅ ማለት ይሄ ነው።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ቆርቆሮው መጉደሉን ማታ ላይ አይቼ እሷ መሆኗን ባውቅ ኖሮ «ተነቃባት» እንጂ «እጅ ከፍንጅ ተያዘች» አይባልም። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። ከወር በኋላ በኦዲት የተደረሰበትን ገንዘብ ያዥ «ሬድ ሃንድድ» አይሉትም። ስለዚህ ስትተረጉሙ መጀመሪያ ሰውየው መቼ እንደተያዘ እዩ። እዚያው እየሠራው ከሆነ እጅ ከፍንጅ፤ ዘግይቶ ከሆነ «ተደረሰበት» ወይም «ተጋለጠ» በሉት።