የመጀመሪያውን የብር ዶላር ከጨረታ ለሚገዛ፦ ስለ ደረጃ ሰጪዎችና ስለ ጨረታ ቤቶች ጥቆማ

አንድ ወንድም ሞርጋን ዶላር (በአንድ ፊቱ የሴት ራስ፣ በሌላው ንስር ያለበት የቆየ የአሜሪካ የብር ሳንቲም) ከጨረታ ለመግዛት አስቦ፣ ያልታሸገ ገዝቶ ራሱ ደረጃ ቢያሰጠው ይሻል እንደሆነ ወይስ ደረጃው አስቀድሞ የተወሰነለትን ቢገዛ፣ ከየትኛው ጨረታ ቤት ቢገዛም እንደሚጠቅመው ጠይቋል። አጭሩ መልሴ፣ ጀማሪ የሳንቲምን እውነተኛነትና ይዞታ መርምረው ደረጃ ከሚሰጡት ድርጅቶች በፒሲጂኤስ ወይም በኤንጂሲ ደረጃ ተሰጥቶት በፕላስቲክ የታሸገውን ይግዛ፣ ራሱ ማሰጠቱ ይቆየው የሚል ነው። ይህን የምለው ከስሬ ስለተማርሁት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ከተማ ካለ አንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር፣ በ1884 በኒው ኦርሊንስ የተመታ ሞርጋን ገዛሁ። በመደብሩ መብራት ሥር ነጭና አንጸባራቂ ሆኖ ስለታየኝ ሰው እጅ ያልገባ ነው ብዬ ለደረጃ ላክሁት። ሲመለስ የደረጃ ቁጥር አልነበረውም፤ «የተወለወለ» የሚል ብቻ ተጽፎበት ነበር፤ ለምርመራውና ለፖስታው ያወጣሁት ገንዘብም ሳንቲሙ ከሚያወጣው ዋጋ በለጠ። በዚያ ምሽት በአንድ አምፖል ሥር ቀስ እያልሁ ሳዘነብለው፣ በሴቲቱ ጉንጭ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ሁሉም ወደ አፍንጫዋ ዞረው ተደርድረው አየሁ። አንድ ሰው በጨርቅ ፈግፍጎታል። ያልተነካ ሳንቲም ሲዘነበል ብርሃኑ እንደ ጋሪ እግር ዘንጎች በላዩ ይዞራል፤ የተወለወለው ግን ብርሃኑ ባለበት ቆሞ ያብለጨልጫል።

ደረጃው ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ የሚሰጥ ሲሆን፣ መለኪያውን በ1949 ዊልያም ሼልደን ያወጣው ለቀድሞዎቹ ትልልቅ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ነበር። ከ60 በታች ያለው ለመገበያያ የዋለ ነው፤ በሞርጋን ላይ ቀድመው የሚያልቁት ከሴቲቱ ጆሮ በላይ ያለው ፀጉርና የንስሩ ደረት ናቸው። ከ60 ጀምሮ ግን ነገሩን በአብዛኛው የሚወስነው ጉንጯ ነው፤ ሳንቲሞቹ አንድ ሺህ እየሆኑ በከረጢት ታጭቀው ሲጓጓዙ እርስ በርስ ስለተጋጩ፣ ያ ሰፊና ለስላሳ ጉንጭ ሰንበሩን ሁሉ ያሳያል። የአንድ ወይም የሁለት ነጥብ ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ከሳንቲሙ ዕድሜም ከተመታው ብዛትም ይልቅ ዋጋውን ይለውጣል። በ1884 በሳን ፍራንሲስኮ የተመታው ሞርጋን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ያረጀው በጥቂት ገንዘብ ይገኛል፣ ያልተነካው ግን ብርቅ ስለሆነ ዋጋው ከብዙዎቻችን አቅም በላይ ነው።

አሁን ወደ ደረጃ ሰጪዎቹ ልግባ። ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 ሥራ የጀመሩ ሲሆን፣ ሁለቱም ለሳንቲሙ እውነተኛነትና ለሰጡት ደረጃ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ለመላክም አባል መሆን ወይም በተፈቀደለት ነጋዴ በኩል ማለፍ ያስፈልጋል። በገበያው በፒሲጂኤስ የታሸገው ብዙ ጊዜ ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል፤ እኔ ግን ለተራ ዓመት ሞርጋን ይህን ልዩነት የምከፍልበት ምክንያት አላይም፤ ለዚያው ደረጃ በኤንጂሲ የታሸገውን በርካሽ ባገኝ እሱን እወስዳለሁ። አናክስ ከሁለቱም ቀደም ያለ ስም ነው፤ ያለ አባልነት ይቀበላል፤ ስለዚህ «እውነተኛ ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ብቻ መልስ ለሚፈልግ ይበቃል፤ በሽያጭ ጊዜ ግን ያን ያህል አይጠቅምም። ሲኤሲ ደግሞ በ2007 የተጀመረው የታሸገውን ዳግመኛ እየመረመረ፣ ለደረጃው በቂ ሆኖ ባገኘው ላይ አረንጓዴ፣ ከደረጃው በላይ ነው ባለው ላይ ወርቃማ ምልክት በመለጠፍ ነው። ምልክቱ ተጨማሪ ዋጋ ያስከፍላልና፣ ከአንድ ነጥብ ወደ ቀጣዩ ዋጋው በብዙ እጥፍ ለሚዘል ሳንቲም ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ስለ ጨረታ ቤቶች፦ ሄሪቴጅና ስታክስ ባወርስ ለውድ ሳንቲሞች ናቸው፤ አሥር ሚሊዮን ዶላር ያለፈው የ1794 የብር ዶላር በ2013 የተሸጠው በስታክስ ባወርስ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን የሄሪቴጅ የቀድሞ ሽያጮች መዝገብ ነው፤ ተመዝግቦ ለሚገባ ሰው ፎቶግራፉንና የተሸጠበትን ዋጋ በነፃ ያሳያል፤ አንድ ምሽት እሱ ላይ ማሳለፍ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ጥንቃቄ የሚያሻው በአሸናፊው ዋጋ ላይ የሚጨመረው የገዢ ኮሚሽን ነው፦ ኮሚሽኑ ከመቶ ሃያ ከሆነና በጠቅላላው 120 ዶላር ለማውጣት ከቆረጣችሁ፣ መጫረት ያለባችሁ እስከ 100 ብቻ ነው፤ ፖስታውም ገና አልተቆጠረም። ግሬት ኮሌክሽንስ በየሳምንቱ የሚያጫርት ሲሆን፣ ኮሚሽኑ ከትልልቆቹ ቤቶች ስለሚያንስ ለመካከለኛ ዋጋ ሳንቲም የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። በኢቤይ የታሸገውን መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ማሸጊያውም ራሱ ስለሚፈበረክ፣ የምስክር ቁጥሩን በደረጃ ሰጪው ገጽ አስገብታችሁ ፎቶግራፉን ከምታዩት ሳንቲም ጋር ሳታመሳክሩ አትጫረቱ።

ያልታሸገ ካልገዛሁ ለሚልም ጥቂት ልጨምር። እውነተኛ ሞርጋን 26.73 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱ 38.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ ማግኔት አይስበውም። ይህን ማለፉ ግን አያረጋግጥም፤ የ1893ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ሞርጋን 100,000 ብቻ ስለተመታ፣ በእውነተኛ የፊላደልፊያ ሳንቲም ላይ የሳን ፍራንሲስኮ ምልክት የሆነውን «ኤስ» ፊደል እየለጠፉ የሚሸጡ አሉ፤ ሚዛኑም ብሩም ልክ ነው። ነገር ግን የዚያ ዓመት የሳን ፍራንሲስኮ ሳንቲሞች ፊታቸው በሙሉ በአንድ ማኅተም ስለተመታ፣ በዘውዱ ላይ «ሊበርቲ» ከሚለው ቃል በ«ቲ» ፊደል ራስ ላይ በሰያፍ የሄደች ቀጭን መስመር አለች፤ ማጉያ መነጽር ይዞ እሷን መፈለግ ነው። የአገራችን ነጋዴም ጠገራ ብር ሲቀበል በማርትሬዛዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር ይባላል፤ ብልሃቱ ያው ነው።

ስለዚህ ለጠያቂው ወንድም የማቀርበው የሚከተለውን ነው፦ በ1881 በሳን ፍራንሲስኮ የተመታ፣ በኤንጂሲ ወይም በፒሲጂኤስ 64 የተሰጠው፣ ከግሬት ኮሌክሽንስ። ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ አይወደድም፣ ሲመታ የወጣው ምስልም ከኒው ኦርሊንሶቹ ይልቅ ጥርት ያለ ነው፤ የንስሩ የደረት ላባ ምን መምሰል እንዳለበት ዓይንን ያስተምራል።

አንዲት እህት ደግሞ ከአሠሪዋ በስጦታ ያገኘችውን፣ ፊቱ የለሰለሰ የ1921 ሞርጋን ለደረጃ ትልክ እንደሆነ ጠይቃለች። አትላኪው። በዚያ ዓመት በፊላደልፊያ ብቻ ከ44 ሚሊዮን በላይ ስለተመታ፣ ያረጀው የሚያወጣው ከያዘው ብር ብዙም የራቀ አይደለም። ቪኒል በሌለበት ማኅደር አድርገሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው፤ መጥቆሩንም ተዪው፣ በአመድም ሆነ በጥርስ ሳሙና እንዳታሺው።