ሃሞክ ላይ ጀርባ እየበረደኝ ነው፣ ዲንሾ ምን ይዤ ልውጣ?

የሐይቅ_ዳር፦
ሰላም ናችሁ፣ እኔ ሀዋሳ ነኝ፣ ሐይቁ ዳር ሃሞክ (ሁለት ዛፍ መሃል የሚንጠለጠል የጨርቅ መኝታ) አስሬ ማደር ለምጃለሁ፣ ከቢምቢ በቀር ችግር የለውም። አሁን ግን በታህሳስ ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ዲንሾ ልንወጣ ነው፣ እነሱ ድንኳን ይዘዋል እኔ ደሞ ሃሞኬን መተው አልፈልግም። ባለፈው ወንዶ ገነት ስናድር ሊነጋጋ ሲል ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ውስጥ ሆኜ ደረቴ እያላበኝ ጀርባዬ ግን በረዶ ሆነ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው? ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ልግዛ እንዴ? ዋጋው ደሞ አይቀመስም

ደገኛው፦
ብሮ ብርህን አታባክን። የሚያሞቅህ ጨርቁ ሳይሆን ውስጡ የተያዘው አየር ነው፣ ስትተኛበት ከስርህ ያለው ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል፣ ሃሞክ ደሞ ከስር ባዶ ስለሆነ ነፋሱ ሙቀትህን እየጠረገ ያልፋል። መፍትሄው አንደርኩዊልት ነው፣ ከሃሞኩ ውጪ ከስር የሚንጠለጠል፣ ክብደትህ ስለማያርፍበት አይጨፈለቅም። እዚህ አገር በቀላሉ ስለማይገኝ አሮጌ ስሊፒንግ ባግ ወይ ወፍራም የፖሊስተር ብርድ ልብስ ለልብስ ሰፊ ወስደህ ግራና ቀኝ ጠርዙን አጥፎ ገመድ ማስገቢያ ይስፋልህ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ላስቲክ አድርግበት። ከዛ ተኝተህ ጓደኛህ በሃሞኩና በአንደርኩዊልቱ መሃል እጁን ያስገባ፣ ክፍተት ካለ ነፋስ ይገባል፣ በጣም ከተወጠረ ደሞ ያው ይጨፈለቃል

የሐይቅ_ዳር፦
ብሮ ሳይሆን እህት ነኝ 😂 ግን ገብቶኛል፣ ተባረክ። ልብስ ሰፊው ካልደረሰልኝስ?

አዳማ_ቦይ፦
እህቴ የዮጋ ምንጣፍ ያዢ፣ ስሊፒንግ ባጉ *ውስጥ* ክተቺው አለዚያ ሌሊት ሸርተት ይላል። ጠባብ ስለሆነ ትከሻሽ ይበርዳል፣ ቁራጭ ስፖንጅ ግራና ቀኝ ጨምሪበት። ደሞ ሰያፍ ተኚ፣ ጀርባሽ ቀጥ ይላል። ከዛ በተረፈ ጋቢና ሁለት መለኪያ አረቄ ካለ ምን ብርድ አለ

ደገኛው፦
አረቄውን ተዉት ባካችሁ፣ ቆዳ ላይ ያለውን የደም ስር ስለሚያሰፋው የሞቀሽ ይመስልሻል እንጂ ሙቀትሽን እያወጣብሽ ነው። ጋቢም ጥጥ ነው፣ ማታ እሳት ዳር ሲሆን ግሩም፣ ጤዛ ከነካው ግን ረጥቦ ያድራል፣ ለመኝታ ሱፍ ወይ ፍሊስ ይሻላል። ላብ የጠጣውን ልብስ ቀይረሽ፣ ደረቅ ካልሲ አድርገሽ፣ በደንብ በልተሽ ተኚ

ጎባ_ነኝ፦
ዲንሾ ከባህር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ሀዋሳ 1,700 አካባቢ፣ ስለዚህ ቢያንስ ዘጠኝ ዲግሪ ቀንሰሽ አስቢ፣ በታህሳስ ሌሊት ውርጭ አለ። የሙቅ ውሃ ላስቲክ ከፋርማሲ ግዢ (ፍል ውሃ ሃይላንድ ውስጥ እንዳትጨምሪ፣ ይጨማደዳል) እና በካልሲ ጠቅልለሽ ጭንሽ መሃል አድርጊው። ከሃሞኩ በላይ የምትወጥሪውን ሸራ ዝቅ አድርገሽ በነፋሱ በኩል ወጥሪ። ከሰል ግን ድንኳን ውስጥም ሸራው ስርም እንዳታስገቡ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ዲንሾ ኮሶና ጽድ ስላለ ማሰሪያ አታጪም፣ ግን የት ማሰር እንደሚቻል የባሌ ተራሮች ፓርክ ቢሮ ጠይቂና ሰፊ ቀበቶ ተጠቀሚ፣ ገመድ ልጡን ይቆርጠዋል። እዛው ባሌ ያለው ሰኔቲ አምባ ከወጣችሁ ግን ሃሞኩን እርሺው፣ 4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከጅባራ በቀር ቀና ያለ ነገር የለም፣ እዛ ከጓደኞችሽ ድንኳን ውስጥ ቦታ አስይዢ