የምእመናን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ምን እንጻፍ? ማንስ ይየው?

የአጥቢያ ጸሐፊዋ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ባለ አንድ አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት በቅርቡ ነው። መዝገባችን በሙሉ በእጅ የተጻፈ ነው። የአንዳንዱ ጥራዝ ሽፋን ተገንጥሏል፤ የክርስትናውን መዝገብ ደግሞ እርጥበት ስላገኘው ቀለሙ ፈስሶ የአባትና የአያት ስም መለየት እያቃተን ነው። አስተዳዳሪያችን ሁሉም ወደ ኮምፒውተር እንዲገለበጥ ወስነው ሥራውን ለእኔና ለሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሰጥተውናል።

ችግሩ ቅጹ ነው። አንድ የኮሚቴ አባል አዘጋጅቶ ያመጣው ቅጽ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የንስሐ አባት፣ ስልክና የቤት ቁጥር ጠይቆ አያበቃም። የወር ገቢ አለው፣ ብሔር አለው፣ የፋይዳ ቁጥር አለው፤ «ከቤተሰቡ የሌላ እምነት ተከታይ ካለ ስሙ ይገለጽ» የሚል መስመርም አለው። ለምን ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «አንድ ቀን ያስፈልጋል» የሚል ነው።

ሌላም አለ። ዓመታዊ አስተዋጽኦ ያልከፈሉ ሰዎች ስም በቴሌግራም ቡድናችን ላይ ይለጠፍ ተብሏል። ለተክሊል የመጡ ጥንዶች ያስገቡት የደም ምርመራ ወረቀት ቁልፍ በሌለው መሳቢያ ውስጥ ተከምሯል። በዚህ ላይ ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ አሰባስባለሁ ያለ ሰው የምእመናኑን ስልክ በሙሉ ስጡኝ ይላል። ክፉ ሐሳብ አለው ብዬ አይደለም፤ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሕግ ባለሙያ (ፒያሳ)፦

እጅዎ አልታዘዝ ማለቱ ደግ አድርጓል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ብሔርን፣ ጤናንና ሃይማኖታዊ እምነትን የሚመለከት መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ከሚያሻው ወገን ይመድበዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የሌላ ድርጅት የስም ዝርዝር ቢወጣ ሰውየው እዚያ ደንበኛ መሆኑ ይታወቃል፣ ያ ነው። የእናንተ ዝርዝር ግን ከስም በቀር ምንም ባይኖርበት እንኳ የሰውየውን እምነት ይናገራል። ስለዚህ ጥብቅ መረጃ መያዝ የምትጀምሩት ከመጀመሪያው ስም ነው።

መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ ነው፤ ለዚያ ዓላማ ከሚበቃው በላይ አይጠየቅም፣ ለሌላ ነገርም አይውልም። «አንድ ቀን ያስፈልጋል» ዓላማ አይባልም። የፋይዳን ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ባንክ ቢጠይቅ ምክንያት አለው፤ አጥቢያ ካርኒ ለመቁረጥ ምን ያደርግለታል? የወር ገቢም እንደዚሁ ነው፤ አቅሙን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ብሔር የሚለውን ሰርዙት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ስልክ ለጠየቀው ሰው የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ምእመኑ ስልኩን የሰጠው ለቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት እንጂ ለእርሱ አይደለም። መልእክቱን ጽፎ ያምጣ፤ ሰበካ ጉባኤው ካመነበት ራሱ ለምእመናኑ ይላከው። ሊረዳ የፈለገ ይደውልለታል።

የቅሬ ጸሐፊ (ኮምቦልቻ)፦

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጉዳዩ የእናንተ ቤት ቢሆንም ያገባኛልና ትንሽ ልበል። ቅሬ በምንለው እድራችን ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ። ደብተራችን ላይ ያለው ስም፣ የተከፈለው ብርና ሐዘን ሲደርስ የሚጠራ ዘመድ ስልክ ነው። ሃይማኖት የሚባል ዓምድ የለንም፤ አስፈልጎንም አያውቅም። ሟቹ ወደ መስጊድ ይሂድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቤተሰቡ ያውቃል።

«የሌላ እምነት ተከታይ ካለ ስሙ ይገለጽ» የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ። ወሎ ውስጥ እኮ ነው የምትኖሩት! በአንድ ሰርግ ላይ ለሁለቱ ወገን ለየብቻ የሚታረድበት አገር ነው። ቅጹ በትክክል ይሞላ ከተባለ እኔም በአክስቴ ልጅ በኩል እናንተ መዝገብ ውስጥ ልገባ ነው። ማን ጠየቀኝ? ማንስ ፈቀደ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት መሥሪያ ቤት መሳቢያው ተሰብሮ ወረቀቱ እንደተበተነ ሁላችንም አይተናል። ማን ከማን ጋር እንደተዛመደ፣ ማን የየትኛው እምነት እንደሆነ የሚዘረዝር ወረቀት ያኔ ቢገኝ በማን እጅ ይወድቅ እንደነበር አስቡት።

አንድ ነገር ልጨምር። አባቱ አህመድ ወይም ሰዒድ የሚባል ምእመን ሲያጋጥማቸው መዝገቡን የሚገለብጡት ልጆች «ስህተት ነው» ብለው እንዳያርሙት ንገሯቸው። ስህተት አይደለም።

ገንዘብ ያዥ (ደሴ)፦

የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ ግን የካህናቱን ደመወዝ ማን ይክፈለው? እኔ ወር በገባ ቁጥር ከባዶ ሣጥን ጋር የምፋጠጥ ሰው ነኝ። ስም ሲለጠፍ ሰው በሳምንቱ ይከፍላል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። በዐውደ ምሕረትስ ስም ሲነበብ አልኖረም? ቴሌግራም ሲሆን ነው ነውር የሚሆነው?

ቄሰ ገበዝ (ሐይቅ መንገድ)፦

ልጄ ገንዘብ ያዥ፣ ጭንቀትህ ገብቶኛል፤ እኔም ያልተከፈለው ደመወዝ ይመለከተኛል። ነገር ግን በዐውደ ምሕረት ሲነበብ የኖረው የሰጠው ሰው ስም ነው እንጂ ያልሰጠው አይደለም። የሰጠውም ቢሆን «ስሜን አታንሡ፣ ወለተ ማርያም ብቻ በሉኝ» ካለ እንደ ቃሉ ይደረግለታል። ያልከፈለው ማን ነው? ብታጣራ ግማሹ ሥራ ያጣ፣ ጧሪ የሌላት መበለት፣ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ተቀጥሮ ሄዶ ስሙ ብቻ የቀረ ነው። ስሙን የለጠፍህበት ሰው የዘንድሮን ይከፍልህና ለከርሞ ሌላ አጥቢያ ይመዘገባል። ሂድና በየቤቱ አነጋግር፤ ወይም የንስሐ አባቱ ይንገረው።

አሁን ለአንቺ ልመለስ፣ ልጄ ጸሐፊዋ። የንስሐ አባት ስም መዝገቡ ላይ ይግባ፤ በሐዘን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈለገው እርሱ ነው። ነገር ግን ካህኑ የንስሐ ልጆቹን የሚይዝበትን የግል ደብተር «አምጣውና እንገልብጠው» እንዳትሉ። በንስሐ የተነገረው ቀርቶ ማን መቼ እንደመጣ እንኳ ከካህኑ አይወጣም፤ የኮምፒውተር ጉዳይ አይደለም።

የምርመራውን ወረቀት በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው የምናደርገው። የሚመለከተው ካህን ያየዋል፣ በተክሊል መዝገቡ ላይ «ማስረጃ ቀርቧል» ብሎ ቀኑን ይጽፋል፣ ወረቀቱን እዚያው ለጥንዶቹ ይመልሳል። ውጤቱ የትም አይጻፍም። ከተመለሰ በኋላ ምን ሊጠበቅ ይቀራል?

ኮምፒውተር ጠጋኝ (ሰኞ ገበያ)፦

እኅቴ፣ ሁሉም ስለ ቅጹ ተናገረ፤ እኔን የሚያሳስበኝ የሁለቱ ልጆች ስልክ ነው። መዝገቡን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተው ማታ ቤታቸው ሊጽፉት እንደሚያስቡ እርግጠኛ ነኝ፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ፎቶው ከልጁ ሰልፊና ከእኅቱ ምርቃት ጎን ስልኩ ላይ ይቀራል። ስልኩ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ጎግል እንዲጭን ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ኢንተርኔት ባገኘ ሰዓት የክርስትና መዝገባችሁ ማንም ሳያዝዝ ከአጥቢያው ወጣ ማለት ነው። ስልኩ ሲሰበር ወደ እኔ ዓይነት ሰው ሱቅ ይመጣል፤ እኔ ባላይ ሌላው ያያል። ሥራው በቢሮ፣ በአንድ ኮምፒውተር፣ መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይሠራ። ቢዘገይ ይዘግይ።

ለማተም ወደ ጽሕፈት አገልግሎት ሱቅም አትሂዱ። ፋይሉ እነርሱ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፣ የተበላሸው ገጽ በጀርባው ለሌላ ደንበኛ ይታተምበታል፣ ፍላሹ ደግሞ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። አነስተኛ ማተሚያ መግዛት ያዋጣችኋል።

በኤክሴል የምትጽፉ ከሆነ ፋይሉ ገና ሲከፈት የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አድርጉ። «ፋይል» ውስጥ «ኢንፎ»፣ ከዚያ «ፕሮቴክት ወርክቡክ»፣ ከዚያ «ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ» የሚለውን ምረጡ። «ፕሮቴክት ሺት» የሚለው ሌላ ነው፤ ሰው ሳያስበው ጽሑፍ እንዳይነካ ይከላከላል እንጂ ሌባ አያቆምም። ተጠንቀቁ፦ የመጀመሪያው ዓይነት ቃል ከጠፋባችሁ የሠራው ኩባንያም ቢሆን አያወጣላችሁም። የተቆለፈውን ፋይል በሁለት ፍላሽ ቅዱት፤ አንዱ ከቢሮው ግቢ ውጭ ይቀመጥ።

ለማስታወቂያ ደግሞ ከቴሌግራም ቡድን ይልቅ ቻናል ይሻላል። በቡድን ውስጥ አባላቱ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ በቻናል ግን የተከታዮቹን ዝርዝር የሚያየው አስተዳዳሪው ብቻ ነው።

የአጥቢያ ጸሐፊዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የገቢ፣ የብሔር፣ የፋይዳና የሌላ እምነት መስመሮች ይውጡ ብዬ ለሰበካ ጉባኤው አቅርቤ አስተዳዳሪያችን ተስማምተዋል። የኮሚቴው አባል ትንሽ ቢያኮርፍም ይለፈዋል። ሦስት ነገር ቀረኝ። ከዚህ በፊት የተከመረውን የምርመራ ወረቀት ምን ላድርገው? ከቤተ ክርስቲያኒቱ የወጣ ሰው «ስሜን ሰርዙልኝ» ቢል የክርስትና መዝገቡስ ላይ ይሰረዛል? የይለፍ ቃሉንስ ማን ይያዝ?

የሕግ ባለሙያ፦

ስለ ወረቀቱ፦ የሚገኙትን ጥንዶች አንድ በአንድ ጠርታችሁ መልሱላቸው። ባለቤቱ ያልተገኘው በቃለ ጉባኤ ተወስኖ ምስክሮች ባሉበት ይቃጠል። ቃለ ጉባኤው ላይ የወረቀቱ ብዛት ይጻፍ፣ የማንም ስም አይዘርዘር፤ አለዚያ ያቃጠላችሁትን መልሳችሁ ጻፋችሁት።

ስለ መሰረዝ፦ ሁለቱን መዝገብ ለዩ። የክርስትናው መዝገብ በዕለቱ የተፈጸመ ነገር ምስክር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ከመደንገጉ በፊት ለተወለደ ሰው ዕድሜውን የሚያሳይ ብቸኛ ወረቀት ሊሆንም ይችላል፤ እንዳለ ይቀመጥ። የአባልነት ዝርዝሩ ግን የዛሬ ነው። ሰውየው ከወጣ ስልኩ፣ አድራሻው፣ የክፍያ ማሳሰቢያው ሁሉ ይውጣ። የክርስትና ምስክር ወረቀት ለመውሰድ የመጣ ሰውም ጥራዙን አብሯችሁ እንዲያገላብጥ አትፍቀዱ፤ የራሱን ብቻ ገልብጣችሁ ስጡት።

መረጃው ቢሰረቅ ወይም ቢያፈተልክ አዋጁ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅን ይጠይቃል። ቅጂው የትና በማን እጅ እንዳለ የማያውቅ አጥቢያ መጥፋቱንም አያውቅምና ይህን በአንድ ወረቀት ጻፉት።

ገንዘብ ያዥ፦

የመለጠፉን ነገር ተውኩት። ለየራሳቸው በስልክ መልእክት «ይህን ያህል ብር ቀርቶብዎታል» ብል ይሆናል?

ቄሰ ገበዝ፦

ያቺ መበለት የሰጠችው ስልክ የልጇ ወይም የጎረቤቷ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ስንቱ የሰው ነው? «ለአገልግሎት ጉዳይ ቢሮ ብቅ ይበሉ» በል፤ ብሩን ስትመጣ ንገራት።

ኮምፒውተር ጠጋኝ፦

ስለ ይለፍ ቃሉ፦ ሙዳየ ምጽዋቱን አንድ ሰው ብቻውን ይከፍተዋል? እንደዚያው አድርጉት። ቃሉን ጸሐፊዋና አስተዳዳሪው ይወቁት፤ በወረቀት ተጽፎ በፖስታ ይታሸግ፣ ማኅተም ይረፍበት፣ ካዝና ውስጥ ይግባ። ፖስታው ሲከፈት የሰበካ ጉባኤው የቁጥጥር ኃላፊም ይገኝ። ጸሐፊ ሲቀየር የይለፍ ቃሉ በዚያው ዕለት ይቀየር፤ ሁለቱም ፍላሾች በርክክቡ ሰነድ ላይ ተጽፈው ይፈረምባቸው።