የመንዝ ዝተት ገጻችንን ጉግልም ኤአይም አያነበውም፤ ምን ጎደለን?

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ አባቴ ዝተት የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስና በርኖስ ይሸምናል። አምና ወንድሜ ዌብሳይት ሠራልን፤ ስልክ ላይ ሲከፈት ያምራል። ነገር ግን «የመንዝ ዝተት» ብዬ ጉግል ላይ ስፈልግ የእኛ የለም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዱን ኤአይ «ዝተት ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው ከጥጥ የሚሠራ ስስ ልብስ ነው አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ። ዝተት የጠጉር ነው፤ እዚህ መንዝ፣ ጓሳ ደጋ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያደረ ሰው በስስ ጥጥ እንደማይነጋለት ያውቃል። ገጻችን ላይ በጉ ከሚሸለትበት ጀምሮ ያለው ሁሉ አለ፤ አባቴ እየነገረኝ እኔው ነኝ የጻፍኩት። ታሪኩን ወንድሜ በፖስተር አሳምሮ አስገብቶታል፣ ሙሉው ጽሑፍ በፒዲኤፍ ተያይዟል፣ ልኩና ዋጋው «ዝርዝር» የሚለው ሲነካ ይመጣል። ለምን አይታይም?

ከደብረ ብርሃን
እታለም፣ ፖስተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ለአንቺ ጽሑፍ ነው፣ ገጾችን እየዞረ ለሚያነበው ፕሮግራም፣ ለቦቱ፣ ግን ፎቶ ነው። ከፎቶ ፊደል የሚለቅም ቴክኖሎጂ ቢኖርም በአማርኛ ብዙ ይስታል፤ አትመኚው።
ኮምፒውተር ላይ ገጹን ከፍተሽ ኮንትሮልና ዩ ተጫኚ። በሚመጣው ኮድ ውስጥ «ዝተት» የሚለውን ፈልጊ። ዋጋው የሚመጣው በጃቫስክሪፕት፣ ማለትም ገጹ ከተከፈተ በኋላ በሚሠራ ኮድ፣ ከሆነ እዚያ አታገኚውም። የጉግል ቦት፣ ጉግልቦት፣ ገጹን እንደ ብራውዘር ከፍቶ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ያየዋል። አብዛኞቹ የኤአይ ቦቶች ግን ገጹ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር (ከሰርቨሩ) መጀመሪያ የመጣውን የገጹን ኮድ (ኤችቲኤምኤል) ይዘው ይሄዳሉ፤ ምንም አይነኩም፣ ምንም አይጠብቁም።

ከሸዋ ሮቢት
እኔ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለዓመታት ታይፕ ሠርቻለሁ። ፒዲኤፉ በምን ፎንት ነው የተጻፈው? ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ የግእዝን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው የሳሉት። በዓይን ስታዪው «ዝተት» ይላል፣ ውስጡ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው። ኮፒ አድርገሽ ስልክሽ ላይ ለጥፊው፤ ወዲያው ይለይልሻል።

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ
ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ኮዱ ውስጥ «ዝተት» አንድ ጊዜ እንኳ የለም! የገጹ ርእስ ራሱ «ሆም» ብቻ ነው የሚለው። ፒዲኤፉን ስለጥፈው ሦስት ገጽ ሙሉ የማይነበብ ምልክት ሆነ። ያን ያህል ምሽት ከአባቴ ጋር ተቀምጬ የጻፍኩት ለማሽን ባዶ ነበር ማለት ነው። ልክ በዩኒኮድ እንደገና እጽፈዋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የከተማችንን ስም አንዱ መሐል፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ መሀል ብሎ ይጽፈዋል። የቱን ልያዝ?

ከደብረ ብርሃን
ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስቱም የተለያየ ኮድ ነው። አንዱን ያዢና በርእሱም በጽሑፉም አትለውጪው፤ ሌሎቹን አንድ ቦታ ላይ «እንዲህም ይጻፋል» ብለሽ ጥቀሻቸው። ጠጉርና ፀጉርም ድምፃቸው ቢለያይም እንዲሁ አድርጊ። የገጹን ቋንቋ በኮዱ አማርኛ ብለሽ አስታውቂ፣ ፎቶዎቹም ምን እንደሆኑ በኦልት፣ ማለትም በኮዱ ውስጥ በሚገባ የፎቶ መግለጫ፣ ይጻፍ። ሮቦትስ የሚባለውን ፋይልም እዪው፤ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ቦቶች ሊገቡና ሊቀሩ የሚነገራቸው በዚያ ነው። የኦፕንኤአይ ቦቶች እንኳ፣ ኤአይን ለማሠልጠን ጽሑፍ የሚሰበስበው ጂፒቲቦትና ለፍለጋ የሚመጣው ኦኤአይ ሰርችቦት፣ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ከልክለሽ ሌላውን ማስገባት ትችያለሽ።

ከሸዋ ሮቢት
እኔ ብሆን የሥልጠናውን እከለክላለሁ። የአባትሽ ሙያ ነው፣ በነጻ ለምን ይወስዱታል?

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ
ወንድምዓለም፣ አሳቢነትህ ገብቶኛል። እኔ ግን ሁለቱንም አስገባለሁ። አባቴ የሸመነውን ሰው እንደ ጥጥ ነጠላ ከሚያውቀው፣ ከእሱ አፍ የወጣውን ቢወስዱ ይሻለኛል።
ትናንት ማታ ፖስተሩን ከነጌጡ ትቼ ጽሑፉን ከሥሩ አስገባሁት፣ ዋጋውንም ሳይነካ እንዲታይ ወንድሜ አስተካከለው። ኮዱ ውስጥ አሁን «ዝተት» 14 ጊዜ አለ። የፒዲኤፉ ሦስተኛ ገጽ ይቀረኛል። ስለ ጥቁሩና ነጩ ጠጉር አመራረጥ ስለሆነ አባቴን ሳልጠይቅ አልጽፈውም፤ ገበያ ወርዷል፣ ማታ ሲመለስ እንቀመጥበታለን።