የልጄ የጀርባ ብሬስ ማሰሪያ ተበጠሰ!! እስከ ሰኞ ምን ላድርግ

ግራ የገባት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ልጄ ስኮሊዮሲስ (የአከርካሪ አጥንት መጣመም) ስላለባት የምትለብሰው የፕላስቲክ ብሬስ የመሃለኛው ማሰሪያ አሁን ማታ ስንጠብቀው ከስሩ ተበጠሰ፣ የሰራላት ባለሙያ እስከ ሰኞ የለም ስልክም አያነሳም። በፕላስተር ላጣብቀው ወይስ ያለሱ ብትቆይ ችግር አለው? ዳሌዋ ላይም ቀልቷል። አባቷ ደግሞ ይሄን ጣጣ ትተን ኦፕራሲዮን ትሰራና እንገላገል ይላል

ባለራጁ፦ ኩርባው ስንት ዲግሪ ነው? ዕድሜዋስ? ፔሬድ አይታለች? ይሄን ሳትነግሪን ምን እንበልሽ

ቀልደኛው፦ የአባትየውን ቀበቶ እሰሩበት፣ ሱሪውን ይዞ ሲቆም ስለ ኦፕራሲዮን ማውራቱን ይተዋል ሃሃሃ

ዋናተኛ፦ ዋና አስጀምሪያት፣ ብሬስ ምናምን ጡንቻ ያደክማል

መካሪ፦ ወላጆች መጀመሪያ በሽታውን እወቁት። ስኮሊዮሲስ የሚባለው ኩርባው 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከ25 በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 እስከ 6 ወሩ እየታዩ መከታተል፣ ከ25 እስከ 40 ገደማ ሆኖ ልጁ ገና እያደገ ከሆነ ብሬስ፣ ከ45 እስከ 50 ካለፈ ኦፕራሲዮን ይታሰባል። ብሬስ እንዳይብስ ይይዛል እንጂ አያቃናም። ዛሬ ግን ልጆቻችንን ከባድ ቦርሳ እያሸከምን

ባለራጁ፦ ቦርሳ ስኮሊዮሲስ አያመጣም ጌታው፣ የአብዛኞቹ ልጆች ምክንያቱ አይታወቅም

ግራ የገባት፦ 12 ዓመቷ ነው፣ 31 ዲግሪ፣ ፔሬድ ገና። ማሰሪያውን ንገሩኝ እባካችሁ

ዋናተኛ፦ ዋና ነው የምልሽ

የባለብሬስ እናት፦ እህቴ ተረጋጊ፣ ሁለት ቀን ብታወልቀው ኩርባው አይዘልም፣ የሚጎዳው ሁለቱ ቀን ወር ሲሆን ነው። ፕላስተሩን ተዪው፣ ይላላል፣ ስራው ያለው ጥብቀቱ ላይ ነው። ማሰሪያው ጨርቅ ከሆነ ጫማ ሰፊ በዚያው ስፋት ሰፍቶ ይመልስልሻል፣ በማርከር የተሰመረው ምልክት ድረስ ብቻ ሳቢው፣ ፕላስቲኩን ግን እንዳይበሱት እንዳያሞቁት። ቅላቱ ካወለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ ወይ ቆዳው ከተላጠ ሰፍተሽም አታድርጊላት፣ አድጋ ጠቧት ሊሆን ስለሚችል ሰኞ መጀመሪያ ያንን አሳዪ። ከስር ያልተጨማደደ ስስ የጥጥ ካናቴራ አድርጊላት፣ ቅባት አትቀቢ ቆዳውን ያለሰልሰዋል። እግሯ ከደነዘዘ ወይ ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት ግን ሰኞን አትጠብቂ።

ባለራጁ፦ ለአባትየው፦ በ31 ዲግሪ ኦፕራሲዮን አይሰሩላትም፣ ደግሞ የተለመደው ኦፕራሲዮን አጥንቱን አያይዞ የሚያስቀር ነው መገላገያ አይደለም። በ2013 የወጣ ጥናት ላይ ብሬስ ካደረጉት 72 ከመቶ፣ ካላደረጉት 48 ከመቶ ናቸው 50 ዲግሪ ሳይደርሱ እድገታቸውን የጨረሱት፣ በቀን 13 ሰዓት ገደማና ከዚያ በላይ የለበሱት ደግሞ ከ90 ከመቶ በላይ ተሳክቶላቸዋል። ዋናው ለጤና ጥሩ ነው፣ በብሬስ ፋንታ ግን አይሆንም

ቀልደኛው፦ ዋናተኛ ሰጠመ

አዲስ ገቢ፦ የኔ ልጅ ወንድ ነው 18 ዲግሪ፣ ለሱም ብሬስ ላሰራ?

የባለብሬስ እናት፦ መካሪ ከላይ የጻፈውን አንብቢ፣ ክትትሉን ብቻ አታቋርጪ