የዕቅድ ውይይት፦ ስለ ሰፈራችን መልሶ ማልማት ለወረዳው ምክር ቤት የምናስገባው ሐሳብ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የወረዳው ምክር ቤት በሰፈራችን መልሶ ማልማት ላይ ሊወያይ ስለሆነ የማኅበራችን ሐሳብ ከዚያ በፊት በጽሑፍ መግባት አለበት። እስካሁን በስብሰባ የሰማሁት ሁለት ነገር ነው። አንዳንዱ «አይፍረስ» ይላል። ሌላው «ይፍረስ፣ ግን ቤቱ እዚሁ ይሠራልን» ይላል። በሁለት አፍ ከቀረብን የሚሰማን የለም። ረቂቁን በሁለተኛው ጀምሬዋለሁ። የጋራ ሽንት ቤቱንና በየክረምቱ ቤት የሚገባውን ጎርፍ እያወቅን «እንዳለ ይቆይ» ብንል ማን ያምነናል? ሰው የሚፈራው መበተኑን ነው። እስቲ እረሙት።

አባል፣ ባለይዞታ፦
ረቂቁን አየሁት። አንድ ትልቅ ነገር ተዘሏል። ስለ ቦታ ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ 1161/2011 አንቀጽ 7 በከተማ ፕላን መሠረት መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ያለ ባለይዞታ፣ ለብቻው ወይም ተደራጅቶ ለማልማት ቅድሚያ አለው ይላል። እኔ ካርታ አለኝ፤ ጎረቤቶቼም አላቸው። «ሥሩልን» ከማለታችን በፊት «እኛው እንሥራ» እንበል። ካሳ ተቀብሎ መሄድ የመጨረሻው አማራጭ ነው።

አባል፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ፦
ወንድሜ፣ ካርታ ላለው ጥሩ ነው። እኛስ? በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየው ለቀበሌ ተሰጠ። እናቴ የገባችው እንዲህ ባለ ቤት ነው፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት እዚያው ነው። ጣራውን የቀየርነው እኛ፣ ግድግዳውን የለሰንነው እኛ። ሲፈርስ ግን የቤት ካሳው የእኛ አይደለም። ሐሳባችን በአንቀጽ 7 ከጀመረ ከሰፈሩ ገሚሱ በመጀመሪያው ገጽ ወጣ ማለት ነው።

ደግሞ «ኮንዶሚኒየም ይሰጣችኋል» ሲባል ዝም ብለን አናጨብጭብ። 20/80 በሚባለው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሃያ በመቶውን ቀድሞ መክፈል አለ፣ ከዚያ የባንክ ዕዳ አለ። እንጀራ ጋግሬ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ከየት አመጣለሁ? ስንቱ ነው ዕጣ ደርሶት ቤቱን አከራይቶ ራሱ ከተማ ዳር ተከራይቶ የሚኖረው! በመጠነኛ ኪራይ የሚያዝ ቤት ይኑር ተብሎ ይጻፍልኝ።

አባል፣ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ፦
ልክ ናት። ደባሎችንም፣ በሌላ ሰው ቤት ተጠግተው የሚኖሩትን፣ አትርሱ። በአንድ የቀበሌ ቤት ሦስት ቤተሰብ አለ፤ ውሉ በአንዱ ስም ነው። ቆጠራው በውል ብቻ ከሆነ ሁለቱ መንገድ ላይ ናቸው። የዕድሩ መዝገብ ማን የት እንደሚኖር ያውቃል፤ ከወረዳው ዝርዝር ጋር እናመሳክረው።

ጸሐፊ፦
ተቀብያለሁ። «ነዋሪ» በሚለው ቃል ባለይዞታ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይና ደባል ሦስቱም በስም ይጠቀሳሉ። አንቀጽ 7 ይገባል፣ ግን ሁለተኛ ሆኖ። ፕላኑ የሚፈልገውን ሕንፃ የሚያቆም ገንዘብ ከሌለን ቅድሚያው ወረቀት ላይ ይቀራል። ባለይዞታዎች ተደራጅታችሁ ምን ያህል ማዋጣት እንደምትችሉ ንገሩን።

አባል፣ የፕላን ባለሙያ፦
ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ክርክሩ ሁሉ «ማን ምን ያገኛል» ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን ማንም አላነሳም፤ እኔ ዋናው እሱ ይመስለኛል። በሰፈራችን መሃል ታጥሮ የቆመው የመንግሥት ቦታ አለ አይደል? የመጀመሪያው ሕንፃ እዚያ ይሠራ። ማንም አይነሳም። ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹ አባወራዎች ይገባሉ፣ የእነሱ ቤት ይፈርሳል፣ በዚያ ላይ ሁለተኛው ይቆማል። እንዲህ እያለ ይሄዳል። ለጊዜያዊ መጠለያ ኪራይ የሚወጣ ገንዘብ አይኖርም፤ ልጆችም ከትምህርት ቤታቸው አይነቀሉም። ቀርፋፋ ነው፣ አልክድም። ምክር ቤቱ የሚያነሳውም ይህንኑ ይሆናል።

ስለ ከፍታው ደግሞ እንጠንቀቅ። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ብሎ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ሁላችንን እዚሁ ለማስቀረት ወደ ላይ መሄድ ግድ ነው። የቀድሞዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ባለ ጂ ፕላስ 4፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸው ነበሩ፤ ሊፍት የላቸውም። ከዚያ በላይ ከሆነ ሊፍት ያስፈልጋል። ሊፍት ጥገና ይፈልጋል፣ ጥገናውን ማን ይከፍላል? ምድር ቤቱን ለሱቅ ብናከራየው ከኪራዩ ሊሸፈን ይችላል። ግን ጉልት የሚቸረችሩት፣ ልብስ ሰፊውና እንጀራ ሻጮቹ ቅድሚያ ካላገኙ ሱቁን የሚወስደው ከውጭ የመጣ ባለገንዘብ ነው።

አባል፣ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ፦
ኮሚናልም፣ የጋራ መገልገያው ሕንፃ፣ ይጻፍ! ድንኳኑ የት ይቀመጥ? ለቅሶ የት እንቀመጥ? በዓል ሲመጣ በጉን ደረጃ ላይ ልናርድ ነው? እየሳቅሁ አይደለም፤ ኮሚናሉ ለሌላ ሥራ የተሰጠባቸው ኮንዶሚኒየሞች አሉ። ላይለወጥ ይታሰርልን።

አባል፣ ባለይዞታ፦
«እዚሁ ይሠራ» የሚለውን «የማይሆን ነው» ብለው እንዳያጣጥሉት አስረጂ ያስፈልጋል።

ጸሐፊ፦
አለ። በኅዳር 2011 የለገሃር ፕሮጀክት ሲጀመር 36 ሄክታር ላይ ያረፈ ትልቅ ግንባታ ነው ተባለ፤ ያኔም ነዋሪው እዚያው ቤት ተሠርቶለት እንደሚቀር በይፋ ተነግሯል። ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም፣ መንግሥት ራሱ ያለው ነው። በሌላ በኩል በ2017 ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች ከተማ ዳር ባለው ገላን ጉራ ገብተዋል። ቤት አገኙ፤ ከገበያቸው ግን ራቁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፣ ስድብ ሳይጨመርበት።

አባል፣ የሕግ ባለሙያ፦
አንድ ማሳሰቢያ። አዋጅ 1161 በአዋጅ 1336/2016 ተሻሽሏል። አንቀጽ ከመጥቀሳችን በፊት ማሻሻያውን አነባለሁ። የ1161 አንቀጽ 8 ባለይዞታው ቦታውን ከመልቀቁ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ውይይት ይደረግ ይላል፣ ግን ልማቱ አስቸኳይ ከሆነ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ያቺ «አስቸኳይ» ናት የምታስፈራኝ። የውይይቱ መጀመሪያ ቀን በደብዳቤ እንዲገለጽልን እንጠይቅ።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ የመግቢያው አንቀጽ እንዲህ ይሁን፦

«የሰፈሩ ነዋሪዎች፣ ባለይዞታዎች፣ የቀበሌ ቤት ተከራዮችና ደባሎች፣ መልሶ ማልማቱን እንደግፋለን። የመጀመሪያው ሕንፃ በታጠረው ክፍት ቦታ ላይ ተሠርቶ ነዋሪ ሳይገባበት የማንም ቤት እንዳይፈርስ እንጠይቃለን። ለተከራዮች በመጠነኛ ኪራይ የሚያዝ ቤት፣ አሁን እዚህ ለሚነግዱ በምድር ቤት የመሥሪያ ቦታ፣ ለሰፈሩም ዓላማው የማይለወጥ የጋራ መገልገያ ሕንፃ እንዲኖር እንጠይቃለን። ባለይዞታዎች ተደራጅተው የማልማት ቅድሚያቸው ይጠበቅ።»

የሕግ ባለሙያው ማሻሻያውን፣ የፕላን ባለሙያው የደረጃዎቹን ንድፍ፣ ገንዘብ ያዣችን ዝርዝሩን እስከ ሐሙስ ያምጡ።

አባል፣ ባለይዞታ፦
የእኛ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ቅር ብሎኛል። ግን እፈርማለሁ። እሁድ ባለካርታዎቹን ሰብስቤ ማን ምን እንደሚያዋጣ በወረቀት አመጣለሁ፤ ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ወደ ላይ ታወጡታላችሁ።

ጸሐፊ፦
ቁጥሩ ይምጣ፣ ይወጣል።