የጭላዳ ፎቶ ፎከሱ ሣሩ ላይ ይቀራል፤ ምን ላስተካክል?

ጀማሪው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ካሜራዬ ካኖን 80ዲ ነው፤ ሌንሱ ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር። ስሜን ተራሮች ላይ ያነሣኋቸውን ጭላዳዎች በኮምፒውተር ስመለከት ፊታቸው ደብዝዞ ከፊት ያለው ሣር ጥርት ብሏል። ሲሯሯጡማ ጭራሽ አልተያዙም። የፎከሱ ዘዴ ኤአይ ፎከስ የሚባለው ነበር፤ የፎከስ ነጥቦቹንም (ካሜራው ፎከስ የሚይዝባቸውን ቦታዎች) የሚመርጠው ካሜራው ነው። በጥር ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ ከዚያ ወደ ተራራው እመለሳለሁ። ለየትኛው ምን ልጠቀም?

የተራራው፦
ወንድሜ፣ ሌንስህን አትጠርጥር። 45ቱን ነጥቦች ለካሜራው ስትለቅለት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ቅርብ ያለውን ነገር ነው፤ ጭላዳ ደግሞ ሣር በል ስለሆነ ከሣር መካከል አይጠፋም። አንድ ነጥብ ብቻ ምረጥና ዐይኑ ላይ አሳርፈው። ተቀምጦ ሲግጥ ዋን ሾት የሚባለው ዘዴ ይበቃል፤ የሻተሩን (የማንሻውን) ቁልፍ በግማሽ ስትጫን ፎከሱ ይቆለፋል። ሲሯሯጥ ወደ ኤአይ ሰርቮ ቀይር፤ ቁልፉን በግማሽ እንደተጫንህ እስከቆየህ ድረስ ርቀቱን ይከታተላል። ነጥቡ ከእንስሳው ላይ ከወረደ ግን ፎከሱም አብሮ ይወርዳል።
ኤአይ ፎከስን እርሳው። ከሁለቱ አንዱን ራሱ እንዲመርጥ የተሠራ ነው፤ ጭላዳው ድንገት ሲፈናጠር እስኪወስን ድረስ አምልጦሃል።

የሠርግ ፎቶ አንሺዋ፦
እስማማለሁ፤ ነገር ግን የደበዘዘ ሁሉ የፎከስ ችግር አይደለም። የሻተር ፍጥነትዎ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበት ጊዜ፣ ስንት ነበር? ሣሩም እንስሳውም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተቱ እጅዎ ተንቀሳቅሷል። እንስሳው ብቻ ከተጎተተ ፍጥነቱ አንሷል። ለሩጫ እኔ ከ1/1000 ሰከንድ አልወርድም።
ስለ ጥምቀቱ፦ ፎከስ ለመያዝ ካሜራው የጥቁርና የነጭ ልዩነት ይፈልጋል። ነጥቡን የነጠላው ነጭ ሜዳ ላይ ካሳረፉት ሌንሱ ወዲያና ወዲህ ሲል ሰልፉ ያልፋል፤ ጥለቱ ላይ ያድርጉት። ሌሊት በጧፍ ብርሃን የመካከለኛውን ነጥብ ይጠቀሙ፤ ደብዛዛ ብርሃን ላይ ከሌሎቹ ይሻላል። ወጣቶቹ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲዘሉ ሰርቮ ከዞን (አጠገብ ለአጠገብ ካሉ የነጥቦች ስብስብ) ጋር ነው፤ በአንድ ነጥብ እነርሱን ማሳደድ አድካሚ ነው።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ። ስሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ አካባቢ ለሚያንዣብበው ጥንብ አንሣስ?

የተራራው፦
ሰማይ ላይ ከሆነ የነገርኩህ ይገለበጣል። የሚያሳስት ነገር ስለሌለ 45ቱንም ነጥቦች ክፈትና በሰርቮ ተከተለው። ገደሉን ታክኮ ሲያልፍ ግን ወደ ዞን ተመለስ፤ አለዚያ ፎከሱ ዐለቱ ላይ ይዘላል። ካሜራህ የክትትሉን ንቃት የሚያስተካክል ምርጫ አለው፤ ወደ ቅናሽ በኩል ካደረግኸው ቅርንጫፍ ለቅጽበት ቢጋርድም ወፉን ቶሎ አይለቅም።

የሠርግ ፎቶ አንሺዋ፦
ደመናው ሸለቆውን ሲሞላ ደግሞ ከአውቶፎከስ ጋር አይታገሉ። ካሜራውን በማቆሚያ አስቀምጠው ምስሉን በስክሪኑ 10 እጥፍ ያጉሉትና የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በእጅ ያዙሩ።

ጀማሪው፦
ከጀርባ ያለው ኤኤፍ-ኦን ቁልፍስ ይጠቅማል?

የተራራው፦
በጣም። ፎከሱን ከሻተሩ ቁልፍ አንሥተህ ለእርሱ ብቻ ስጠው፤ ሰርቮ ላይ እንዳለህ ትቆያለህ። አውራ ጣትህ ተጭኖ ሲቆይ ይከታተላል፣ ሲለቅ ባለበት ይቆማል። ጣት እስኪለምደው ግን ጊዜ ይወስዳልና ከጎንደር በፊት ሰፈር ውስጥ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ላይ ተለማመድበት፤ ወላጆቻቸውን አስፈቅደህ።